መብራት ሲመጣ አትጣደፉ

ልጆቼ፣

ያን ቀን ማታ ቢሮ የቀረነው እኔና ጥበቃው ብቻ ነበርን። ሰርቨሩን አፕዴት አስጀምሬ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ውሃው ሳይፈላ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬቱን ነቅሎ የሞከረው ግን አልነበረም። እኔም ጭምር።

መብራት ሲመጣ ማሽኑ ተነሳ፤ እፎይ አልኩ። ደብያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነበር። ምን ምን ፓኬጅ ተጭኗል ብዬ ስጠይቀው አንድም የለኝም አለ። ፕሮግራሞቹ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ሰርቨሩ ግን አያውቃቸውም።

ደብያን ላይ ፓኬጅ የሚጭነው ዲፒኬጂ የተጫነውን ሁሉ የሚጽፍበት «ስታተስ» የሚባል ፋይል አለው። ተራ ጽሑፍ ነው፤ የባለሱቅ የዱቤ ደብተር በሉት። የእኔ ደብተር ዜሮ ባይት ሆኖ ነበር። ሊኑክስ የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል። አዲሱ ፋይል ስሙ ዲስክ ላይ ሰፍሮ ይዘቱ ገና ሜሞሪ ላይ እያለ መብራት ከሄደ ስሙ ብቻ ይቀራል። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የደብያን ዘመድ የሆነው የኡቡንቱ ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ተማረው ነበር። በኋላ ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት) ዲፒኬጂም ተስተካክለዋል። ዛሬ አደጋው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» የሚል ርካሽ ዲስክ ዛሬም አለ።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? መጀመሪያ የሎክ (የቁልፍ) ፋይሎቹን ሰረዝኩ። ከንቱ ሥራ ነው። የሚቆልፈው ፋይሉ ሳይሆን እየሠራ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ከተነሳ ያ ቁልፍ የለም። ቀጥሎ ከሌላ ሰርቨር ስታተስ ገልብጬ አመጣሁ። ይህንስ አደራ፣ እንዳትሞክሩት! የጎረቤት ሱቅ ደብተር የእናንተን ደንበኞች አያውቅም። ሲነጋ ሁሉንም አጥፍቼ ከባዶ ጫንኩት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ባልደረባዬ «ስታተስ ኦልድን አይተኸው ነበር?» አለኝ። አላየሁትም። የስታተስ ያለፈው ቅጂ ነው፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ከባዶው ፋይል ጎን ነበር። «ቫር» ስር «ባካፕስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ደግሞ ያለፉት ቀናት ቅጂዎች ተደርድረዋል። ደብያን ራሱ ሲያስቀምጥልኝ ኖሯል። ሌሊቱን ሙሉ የለፋሁበት ነገር የ10 ደቂቃ ሥራ ነበር።

እናንተ ከገጠማችሁ መጀመሪያ የዲፒኬጂን ፎልደር እንዳለ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ መልእክቱን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ደብተሩ ደህና ነው፤ የተቋረጠው ሥራው ብቻ ነው። መልእክቱ ራሱ ለዲፒኬጂ የ«ኮንፊገር» ትእዛዝ ስጡ ይላችኋል፤ ስጡት። ስታተስ ባዶ ከሆነ ስታተስ ኦልድን በቦታው አድርጉ። እሱም ከተበላሸ ከባካፕስ የቅርቡን ውሰዱ። ከቅጂው ወዲህ የተጫነውን የዲፒኬጂ ሎግ በቀንና በሰዓት ጽፎታል፤ እነዚያን ብቻ ደግማችሁ ጫኑ። በዲፒኬጂ ፈንታ አርፒኤም የምትጠቀሙ ደግሞ መዝገቡን እንደገና የሚሠራ «ሪቢልድ ዲቢ» የሚባል ትእዛዝ አላችሁ። አርፒኤም የሚጠቀመው ፌዶራ ከ33ኛው እትሙ ጀምሮ መዝገቡን ከበርክሊ ዲቢ ወደ ኤስኪውላይት ዳታቤዝ አዙሮታል፤ ይሄኛው ጠንከር ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳውንሎድና መጫን ይለያያሉ። ዳውንሎድ ላይ መብራት ቢሄድ ችግር የለውም፤ አስቀድማችሁ ጨርሱት። መብራት ደህና ሲሆን ጫኑ። ከሩቅ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ «ስክሪን» ወይም «ቲመክስ» ውስጥ ግቡ፤ ኔትወርክ ሲቆረጥ አፕዴቱ አብሮ እንዳይሞት።

ያ ዩፒኤስ አሁን እኔ ጠረጴዛ ስር ነው። ባትሪው ተቀይሯል። በየ3 ወሩ ሶኬቱን ነቅዬ ሰዓቴን አያለሁ። ባለፈው 11 ደቂቃ ቆየ።