በደርግ ጊዜ መፈክር ያሰሙት አባቴ ክደዋል?

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ «ጴንጤ» ተብለው ታሰሩ። በመጨረሻ ግራ እጃቸውን አንስተው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብለው ተፈቱ። እስከ ዛሬ የጌታን እራት አይወስዱም፤ «ክጃለሁ» ይላሉ። ሮሜ 13 ግን ለባለ ሥልጣን ተገዙ ይል የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ሮሜ 13 ለመንግሥት ግብርና አክብሮት ስጡ ይላል። ይህን አማኞቻችን አልከለከሉም። የ1967ቱን የመሬት አዋጅ የደቡብ ጭሰኛ አማኝ በእልልታ ነው የተቀበለው። ግጭቱ የመጣው አብዮቱ አምልኮን ሲጋፋ ነው። ቀበሌው ስብሰባውን እሁድ ጠዋት፣ በአምልኮ ሰዓት ይጠራል። «ትቅደም» ሲባል ደግሞ ብዙዎች ከእግዚአብሔር የሚቀድም የለም ብለው እጃቸውን አላነሱም። ተገረፉ፣ ታሰሩ። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለውን ሐዋርያት ሥራ 5፥29ን ይዘው ነው።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወሰዱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ተዘጋች፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየዘመሩ፣ በ1983 ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ።

ይህን ታሪክ በየመድረኩ እንናገራለን፤ ደግ ነው። እንደ አባትሽ ያሉት ግን ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

እጅ ማንሳቱ ምንም አይደለም አልልሽም። አቅልዬ ባወራው አባትሽም አያምኑኝም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በ250 እ.ኤ.አ. የሮሙ ቄሣር ዳኬዎስ ሁሉም ለአማልክት እንዲሠዋ ሲያዝ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ። በሰሜን አፍሪካ የካርታጎ ከተማ ጳጳስ ቆጵርያኖስና ሌሎች መሪዎች መክረው፣ ንስሐ የገቡት ወደ ጌታ ማዕድ እንዲመለሱ ወሰኑ። ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ክዶ ነበር። ጌታ ግን ቁርስ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው (ዮሐንስ 21)።

አባትሽ አርባ ዓመት ሲያለቅሱበት የኖሩት ኃጢአት በክርስቶስ ደም ተከፍሎበታል። መድረክ ላይ ወጥተው ይናዘዙ የሚል ካለ አትስሚ። የሚያምኗቸውን ሁለት ሽማግሌዎች ቤት ጥሪላቸው፤ የሆነውን ይንገሯቸው፤ አብረው ይጸልዩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የጌታን እራት እዚያው ቤታቸው ይስጧቸው።