ወርቁ ሳይሆን ጭሱ ያሳስበኛል

«ኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት ነኝ። ከተጣሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ቦርድ ላይ በአሲድ ወርቅ ሲያወጡ ቪዲዮ አይቼ ልቤ ሄደ። ስመረቅ በራሴ ልጀምር?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

በአሲዱ አትጀምሪ። ቪዲዮ ላይ ወርቁ ያብለጨልጫል እንጂ ጭሱ አይሸትም። ናይትሪክ አሲድ መዳብ ሲነካ የሚወጣውን ቡናማ ጋዝ ከላብራቶሪ ታውቂዋለሽ። እዚያ ጭሱን ስቦ የሚያስወጣ መሣሪያ አለ፤ ጓሮ ውስጥ ግን የለም። ተንኮለኛ ጋዝ ነው። የተነፈሰው ሰው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ሳንባው ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። የተረፈው አሲድስ የት ይደፋል? መዳቡንና እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት አሟሙቶ እንደያዘ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። የእርሳስ ብናኝ ደግሞ በልብስ ተሸክመሽው ቤት ይገባል። ከሁሉ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው፤ የአእምሮ እድገታቸውን ያውካል። ገመድ አቃጥሎ መዳብ ማውጣትንም እንዳታስቢው፤ ሽፋኑ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይለቃል።

ከዘርፉ ላስወጣሽ ግን አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር መዘዋወሩን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የባዝል ስምምነት መሠረት እንዲህ ያለ ቆሻሻ፣ አደገኛ ያልተባለው ጭምር፣ ድንበር ከመሻገሩ በፊት የተቀባዩ አገር ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ ለክቶ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ይፈለጋል። ኬሚስት ማለት ይኼው አይደል?

የመመረቂያ ጥናትሽን እዚህ ላይ አድርጊው። ዕቃ የሚፈታበት ቦታ አጠገብ ካለ አፈር ናሙና ወስደሽ እርሳስንና ካድሚየም የተባለውን ሌላ መርዛማ ብረት ለኪ። ከዚያ ዕቃ በእጅ የሚፈታና የሚለይ ድርጅት ውስጥ ልምምድ ፈልጊ። መፍቻ መያዝ አትናቂ፤ የትኛው ክፍል ምን እንደያዘ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ስትሄጂ ሁለት ነገር ጠይቂ። የሊቲየም ባትሪ ለብቻው የት ይቀመጣል? የሠራተኞች ደም የእርሳስ ምርመራ ይደረግለታል? የመጀመሪያውን መመለስ ካቃታቸው ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ፤ የተጨፈለቀ ባትሪ እሳት ነው።

ትምህርት ክፍልሽ ብረት የሚለካ ምን መሣሪያ እንዳለው አጣርተሽ ጻፊልኝ። የጥናቱን ርዕስ አብረን እናጠባለን።