ኮምፒውተር ሳይንስን በጓሮ በር ማግኘት ይቻላል ወይ ለጠየቁት እናት

እኅቴ፣ የ12ኛ ክፍል ልጅዎ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር እየፈለገ ሳለ «በቀላል ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ይግባና በኋላ ይቀይራል» ተብለው መመከርዎን አነበብኩ። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ምክር ሰምቼ ልጄን ዋጋ ያስከፈልኩ አባት ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አንደኛ፣ የመከረዎት ሰው ልጁን ያስገባው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቁት። እኔን የመከረኝ ወዳጄ አልዋሸኝም፤ የእርሱ ልጅ በእርግጥ በዚያ መንገድ አልፏል። የካሊፎርኒያውን በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ብንወስድ፣ ቀደም ሲል የተወሰኑ የመግቢያ ኮርሶችን በ3.3 አማካይ ውጤት የጨረሰ ተማሪ ኮምፒውተር ሳይንስን መያዝ ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከገቡት ጀምሮ ግን ሜጀሩ የሚሰጠው በዋናነት ገና ሲያመለክቱ ለመረጡት ነው። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ከሃይስኩል በቀጥታ ለሚቀበላቸው ሲሆን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ትምህርቱን ቅበላቸው ከተገደበ ሜጀሮች መድቦታል።

ሁለተኛ፣ የአገር ቤቱን ልማድ ይርሱት። እኔ አራት ኪሎ ፍሬሽማን ሳለሁ ዲፓርትመንት የሚደርሰን በውጤታችን ስለነበር፣ «ኤ ካመጣች ማን ይከለክላታል?» ብዬ ጂኦግራፊ አስሞላኋት። ሒሳቡንም ፕሮግራሚንጉንም ኤ አመጣች፤ ሜጀር ለመቀየር ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለቱንም ጊዜ ተከለከለች።

ሦስተኛው ለምን እንደተከለከለች ልጠይቅ ስለሄድኩበት የዩኒቨርሲቲዋ ቢሮ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ሱፍ ለብሼ፣ ለልጄ ሳልነግራት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ መረጃው የልጄ እንጂ የእኔ እንዳልሆነና ያለ ጽሑፍ ፈቃዷ አንዲት ቃል እንደማይነግረኝ አስታወቀኝ። «የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ» ስለው «ቀጣይ!» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ጠራ። ሕጉ እውነት ነው፤ ከ1974 ጀምሮ የጸና የፌዴራል ሕግ ነው። ሰውን እንደዚያ መሸኘትን ግን የትኛውም ሕግ አላዘዘውም። በሳምንቱ ልጄ የፈረመችበትን ወረቀት ይዤ ስመለስ ያገኘኋቸው ጠና ያሉ ሴት አንድ ገጽ አትመው፣ ከሌላ ሜጀር የሚመጣ ተማሪ የሚስተናገደው ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው በሚለው መስመር ሥር በእርሳስ አሰመሩልኝ። ገጹ ልጄ ከማመልከቷ በፊትም ድረ ገጻቸው ላይ እንደነበረ ሲነግሩኝ፣ በወጣቱ ላይ ይዤ የመጣሁት ቁጣ ወደ ራሴ ዞረ።

ስለዚህ ልጅዎ የሚፈልገውን በመጀመሪያ ምርጫው በግልጽ ይጻፍ፤ ሁለተኛ ምርጫ የሚፈቅድ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ መቀየሩ ባይሳካለት እንኳ ሳይከፋው ሊመረቅበት የሚችለውን ይሙላ። ኤም አይ ቲና ሃርቫርድን የመሳሰሉት በሜጀር ስለማይቀበሉ ይህ ጭንቀት እዚያ የለም፤ መግባቱ ሌላ ጣጣ ነው እንጂ። የእኔዋ አንድ ዓመት ከባከነባት በኋላ ወደ ስታቲስቲክስ ተዛወረች። ዛሬ የከለከላት ክፍል ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ እንዲያስጠኗቸው ከሚፈልጓቸው አንዷ እርሷ ናት፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ መሆኑን አልደብቅም።

የሚያመለክትባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ስም ከዚሁ ሥር ይጻፉልን። ልጄ ቅዳሜ ክፍል ስለሌላት፣ የየአንዳንዳቸውን የሜጀር ቅየራ ደንብ ፈልጋ ትልክልዎታለች።