ባቡሩ ሲመጣ የት እንቁም? የባቡር ፎቶ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ስለ ባቡር ፎቶ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተጠራቅመው ስለነበር የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ። «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» የሚሉት ከሁሉም ይበዛሉ፤ እነሱን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻው ገፍቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ባቡሩ ቆሞ ሳነሳው ጥሩ ይወጣል። ሲያልፍ ግን ፊቱ ይደበዝዛል። ስልኬ ደካማ ስለሆነ ይሆን?» (ከአዳማ)

መልስ፦ ስልክዎን አይውቀሱት፤ ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ የሰከንድ አንድ መቶኛ ከሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ 22 ሴንቲ ሜትር አልፏል። አንድ ሺህኛ ከሆነ ግን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በስልኩ ካሜራ ውስጥ «ፕሮ» የሚለውን ክፍል ከፍተው ፍጥነቱን ወደ 1/1000 ይውሰዱት። ስልኩን ለራሱ ከተዉት ብዙ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል። ይህ ለቆመ ነገር መልካም ነው፤ የሚሮጠውን ሎኮሞቲቭ ግን ባለ ሁለት ፊት ያደርገዋል።

ሁለተኛው ነገር የሚቆሙበት ቦታ ነው። ባቡር በፊትዎ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ እንቅስቃሴው በምስሉ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በሰያፍ ወደ እርስዎ ሲመጣ ግን ያንሳል። በዚህ አቋቋም ፊቱም አንዱ ጎኑም ስለሚታይ የባቡር ፎቶ አንሺዎች ከጥንት ጀምሮ የሚወዱት ይህንኑ ነው። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት አንዱን የሽቦ ምሰሶ ይምረጡና ትኩረቱን እዚያ ላይ ይቆልፉት፤ ሎኮሞቲቩ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ይጫኑ። በጣት እየጎተቱ ማቅረብ አያስፈልግም። ምስሉን የሚያቀርብ ስለሚመስል ብዙዎች ይወዱታል፤ በብዙ ስልኮች ላይ የሚያደርገው ግን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ነው።

ደግሞስ ያን ያህል ማቅረብ ለምን ያስፈልጋል? የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች የተሠሩት ቻይና ውስጥ፣ በሁናን ግዛት፣ ዡዡ ከተማ ነው። መንትዮቻቸው እዚያው አገር በብዛት ይሠራሉ። ፊቱ ብቻ ፍሬሙን የሞላ ሎኮሞቲቭ አዳማ ይሁን ሁናን ማን ያውቃል? ከጀርባው ግራር፣ የግመል መንጋ ወይም የአዋሽ ሜዳ ሲገባ ግን ሌላ ፎቶ ይሆናል። ከሚደርሱኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ የጎደላቸው ይህ ነው፤ ባቡሩ አለ፣ አገሩ የለም።

ጥያቄ፦ «በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የሐዲዱ ወገን ልቁም? የእኛ አገር ፀሐይ ሁሉንም ነጭ ታደርገዋለች።» (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ ጎማዎቹንና ከሥር ያለውን ብረት ያሳያል። እኩለ ቀን ላይ ግን ጣሪያው ያብረቀርቃል፣ ከጣሪያው በታች ያለው ሁሉ ጥላ ይሆናል። ቀትር ላይ ካሜራህን አስቀምጠህ ምሳህን ብላ።

ወገኑን በተመለከተ አንተ ያለህበት ቦታ አስደሳች ነው። ከሜኤሶ እስከ ድሬዳዋ ሐዲዱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከድሬዳዋ በኋላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ በደወንሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በመጀመሪያው ክፍል፣ ወደ አንተ ከተማ የሚመጣ ባቡር ፊቱ ጠዋት ይበራል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ደግሞ ከቀትር በኋላ። በሁለተኛው ክፍል ጠዋት ከሐዲዱ ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ መቆም ነው።

አውሮፓና አሜሪካ የተጻፉ መመሪያዎችን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እነሱ ዘንድ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት፤ ስለዚህ «ከሐዲዱ ደቡብ ቁም» ብለው ይጨርሱታል። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ፀሐይ በላያችን አልፋ ትሄዳለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን፣ በተቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሐዲዱ ደቡብ ቆመህ ያገኘኸውን ብርሃን ሰኔ ላይ እዚያው ቦታ አታገኘውም። እንግዲህ መስመርህን በሁለቱም ወቅት ሄደህ እየው፤ ደብተርም ያዝ።

ጥያቄ፦ «ለሠርጋችን ሐዲድ ላይ ተቀምጠን መነሳት እንፈልጋለን። ባቡር በማያልፍበት ሰዓት ምን ችግር አለው?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ችግር አለው። የባቡሩን ሰዓት እናንተ አታውቁትም፤ የጭነት ባቡር በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ደግሞ እንደ ድሮው ናፍጣ ከሩቅ አይጮህም፤ ነፋሱ ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ አጠገባችሁ እስኪደርስ ላትሰሙት ትችላላችሁ። ሹፌሩ ቢያያችሁና ፍሬን ቢይዝ እንኳ የተጫነ ባቡር ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ለመግደል መንካት አያስፈልገውም፤ ከቀረቡት ኤሌክትሪኩ በአየር ይዘላል። ስለዚህ ፉርጎ ላይ መውጣት፣ ረጅም የስልክ ዘንግ ወይም ጃንጥላ ወደ ላይ መዘርጋት አይታሰብም።

የባቡር ሠርግ ከፈለጋችሁ ለገሃር አለላችሁ። በ1929 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ አስፈቅዳችሁ፣ በሁለት እግራችሁ ቁሙ።

ጥያቄ፦ «አንድ ጣቢያ አጠገብ ፎቶ ሳነሳ ጥበቃዎች ይዘው ምስሎቹን አስጠፉኝ። መብቴ አይደለም ወይ?» (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባኛል፤ ክርክሩን ግን እዚያው በር ላይ አያሸንፉትም። ጥበቃው የተሰጠው ትእዛዝ አለ፤ ካሜራ ይዞ ድልድይና የኃይል ማከፋፈያ የሚያይ ሰው እሱን ያሳስበዋል። ጣቢያ ግቢ ውስጥ ለማንሳት ቀደም ብሎ ለአስተዳደሩ ማመልከቻ መጻፍና ፈቃዱን በወረቀት መያዝ ይሻላል። ማመልከቻው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምን ማንሳት እንደሚፈልጉ ይግለጹ፤ «ለግል ፍቅር» ብቻ ብሎ መጻፍ አያስኬድም። ሲደርሱ ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት ሄደው ሰላምታ ይስጡ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሻጮችና ተሳፋሪዎች በፎቶው ውስጥ ከገቡም ይጠየቁ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ እምቢ ያለ ሰው ፊት ላይ ካሜራ መደገን ነውር ነው።

ጥያቄ፦ «የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ሳነሳ የመድረሻው ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ግማሹ ጠፍቶ ይወጣል።» (ከልደታ)

መልስ፦ ሰሌዳው አልተበላሸም። ትንንሾቹ መብራቶች ዓይናችን በማይለየው ፍጥነት ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፤ ፈጣን ካሜራ የሚይዘው የበሩትን ብቻ ነው። ባቡሩ ጣቢያ ላይ ሲቆም የካሜራውን ፍጥነት ወደ 1/60 ዝቅ ያድርጉት። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ድልድይ ስለሚጋሩ አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም የሚያገኙት እርስዎው ሰፈር ነው።

ጥያቄ፦ «አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ አንድ ሳጥን ፎቶ አገኘን፤ በየትኛው ዘመን እንደተነሱ ግን የሚነግረን የለም። እንዴት እንለያቸው?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ወደድኩት። መጀመሪያ ጀርባቸውን ይዩ። ቁጥር ካለ፣ ማን እንደጻፈው ይጠይቁ፤ አባትዎ ከጻፉት በእኛ አቆጣጠር፣ የፈረንሳዮቹ መሥሪያ ቤት ከጻፈው በአውሮፓውያን ሊሆን ይችላል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ነው፤ አንድ መንግሥት ወድቆ ሌላ የሚተካበት ጊዜ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ሎኮሞቲቩ ይሂዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሮጌው መስመር ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ዋናው ጎታች እንፋሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ተተካ። ጭስ ማውጫና የድንጋይ ከሰል ወይም የውኃ ጋን የሚታይበት ፎቶ እንግዲህ ከዚያ የሚቀድም ሊሆን ይችላል። ሎኮሞቲቭ ሳይኖረው ብቻውን የሚሄድ ሊቶሪና ካዩ ከጣሊያን ወረራ በፊት አይደለም። በሎኮሞቲቩ ወይም በፉርጎው ጎን ላይ ሲ፣ ዲ፣ ኢ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ደግሞ ከ1981 ወዲህ ነው፤ የጅቡቲና የኢትዮጵያ የጋራ ድርጅት የተቋቋመው ያኔ ነውና።

ለገሃር የተነሱ ካሉ ዕድለኛ ነዎት። ሕንፃው ከ1929 ወዲህ ያለ ነው። ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1930 ለዘውድ በዓሉ ቆመ፤ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ወደ ሮም ተወሰደ፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ ሕንፃው ኖሮ፣ አደባባዩም በደንብ እየታየ አንበሳው ከሌለ፣ ፎቶው ምናልባት ሐውልቱ ሮም በነበረበት ዘመን የተነሳ ነው። ከዚያ የሰዎቹን ልብስና የመኪናዎቹን ዓይነት ይጨምሩበት።

ፎቶዎቹን ከአልበም ላይ አይላጧቸው። ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፣ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። ስካን ሲያደርጉ ፊቱንም ጀርባውንም ያድርጉ። ከሁሉ በፊት ግን ከአባትዎ የሥራ ባልደረቦች በሕይወት ያሉትን ሄደው ይጠይቁ። «ይህ ዴፖው ውስጥ ነው፤ ይህኛው ማሽኒስት የእገሌ ወንድም ነው» የሚል ሰው ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ አይገኝም። ስም የሌለው ፎቶ ለልጅ ልጆችዎ የማንም ፎቶ ነው።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በባቡር አብዷል። የት ልውሰደው?» (ከአሜሪካ)

መልስ፦ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ከመድረኩ ላይ ሆነው ጎረቤቱን የአሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያ ያዩታል፤ የተሳፋሪውም የጭነቱም ባቡር በዚያ ያልፋል። ልጁ ከመድረኩ ጠርዝ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ፍላሽ አይጠቀም፣ የሹፌሩን ዓይን ይመታል።

ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ውስጥ ደግሞ ልጅዎ የሚወደው አንድ ሥራ አለ። ከቦስተንና ከኒው ዮርክ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ እዚያ ያበቃል። ወደ ቨርጂኒያ የሚቀጥሉ ባቡሮች የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቩን ፈተው ናፍጣውን ይቀጥላሉ፤ ከባቡሩ መስኮት ወይም ከተፈቀደ መድረክ ላይ ሆኖ ማየት ነው። ቅዳሜ ወጣ ማለት ካማራችሁ በሜሪላንድ ፖይንት ኦፍ ሮክስ የሚባለው የቀይ ጡብ ጣቢያ አለ፤ ሁለት መስመሮች ሲገናኙ በመካከላቸው የቆመ ባለ ግንብ ሕንፃ ነው።

ትንሽ ሲያድግ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ሮአኖክ ከተማ ይውሰዱት። ኦ. ዊንስተን ሊንክ የሚባል ፎቶ አንሺ የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የመጨረሻ የእንፋሎት ባቡሮችን ከ1955 እስከ 1960 አንስቷል፤ ሙዚየሙ በዚያው ኩባንያ አሮጌ ጣቢያ ውስጥ ነው። ብዙዎቹን ያነሳቸው በሌሊት ነው፤ ከድርጅቱ ጋር ተስማምቶ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ የፍላሽ አምፖሎችን በሽቦ አያይዞ። (ፍላሽ አይጠቀም ያልኩት እንግዲህ ፈቃድና ዝግጅት ለሌለን ለእኛ ነው።) በፎቶዎቹ ውስጥ ባቡሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ ያልፋል፤ ከፊት የሚዋኙ ልጆች፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች፣ መኪና ውስጥ ሆነው ሲኒማ የሚያዩ ጥንዶች አሉ።

ጥያቄ፦ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» (ከብዙዎች)

መልስ፦ ያላችሁን ተጠቀሙ። ቆርጣችሁ ከተነሳችሁ ያገለገለ፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራና ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አንድ ሌንስ ለሐዲድ ዳር ሥራ ይበቃል፤ ረጅም ሌንስ የሚያስፈልገው ከሩቅ ኮረብታ ላይ ለሚያነሳ ነው። ሁለተኛ ባትሪና የአቧራ መጥረጊያ አትርሱ፤ የአፋርና የሶማሌ በረሃ አቧራ ሌንስ ስትቀይሩ ይገባል። በተረፈው ገንዘብ ከለቡ ወደ ድሬዳዋ ትኬት ቁረጡ። መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ ሌንሱን ወደ መስታወቱ አስጠጉና ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ ከልሉት፤ ነጸብራቁ ይጠፋል። ባቡሩ ሲታጠፍ የራሱን ሎኮሞቲቭ ከፊት ታዩታላችሁ፤ በየትኛው ጎን እንደሚታጠፍ ግን ሠራተኞቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ።