አንድ ከተማ ተጋርታችሁ ለምትጽፉ ልጆች

ልጆች፣ ሰብሰብ ብላችሁ አንድ ጨለማ ከተማ ፈጥራችሁ ቴሌግራም ላይ እየተቀባበላችሁ ታሪክ ልትጽፉ እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። እድሜዬን የጨረስኩት የሰው ጽሁፍ እያረምኩ ነው፣ እና አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንድትጀምሩ አልፈልግም። ከተማዋ ህግ ባይኖራትም ግድ የለም፣ ሌባው ይስረቅ፣ ጠንቋዩም የፈለገውን ያርግ፣ እናንተ ጸሀፊዎቹ ግን እርስ በርስ ህግ ከሌላችሁ ሦስት ክፍል ሳትሄዱ ትበተናላችሁ።

ይሄን ነገር ከናንተ በፊት የሞከሩት አሉ። በፈረንጆቹ 1978 ቦስተን ውስጥ ቦስኮን በሚባለው የሳይንስ ፊክሽን ጉባኤ ሰሞን ሮበርት አስፕሪን፣ ሊን አቢ እና ጎርደን ዲክሰን የሚባሉ ጸሀፊዎች እራት ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ አንድ የሁሉም ችግር ተነሳ፣ ፋንታሲ የሚጽፍ ሰው ገና ታሪኩን ሳይጀምር ካርታ፣ ነገስታት፣ አማልክት፣ ገንዘብ፣ ምናምን ሁሉንም ከዜሮ መፍጠር አለበት፣ ታዲያ ለምን ሁሉም የሚጽፍባት አንድ ከተማ አትኖርም? ከዛ ወሬ ነው ቲቭስ ወርልድ (የሌቦች ዓለም ማለት ነው) የሚባለው የጋራ ታሪክ የተወለደው። አስፕሪን ኤዲተር ሆነና የመጀመሪያው መድብል በ1979 ወጣ፣ እስከ 1989 ድረስ 12 መድብል ታተመ። ፖል አንደርሰን፣ ጆን ብረነር፣ ጆ ሀልድማን፣ በኋላ ደግሞ ሲ ጄ ቸሪ፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ አንድ ከተማ ውስጥ ተጋፍተው ጻፉ።

ከተማዋ ሳንክቹዋሪ ትባላለች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ከጭራቁ ነው የምትጀምሩት፣ እነሱ ግን የጀመሩት ከቦታው ነው። ሳንክቹዋሪ የራንኬ ኢምፓየር ጥግ ላይ የተጣለች ከተማ ናት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ነገ ዙፋኔን ይቀናቀነኛል ብሎ የፈራውን ግማሽ ወንድሙን፣ ልዑል ካዳኪቲስን፣ ገዥ ብሎ የላከው ወደዛች ነው፣ በሌላ አነጋገር ከአይኑ አራቀው። የድሮዎቹ ባለቤቶች ኢልሲጎቹ ደግሞ ተገዝተው፣ የራሳቸው አማልክት ላይ የሌላ ሰው አማልክት መጥቶባቸው ቂም ይዘው ይኖራሉ። አያችሁ? አንድም ታሪክ ሳይጻፍ ከተማው ውስጥ ስንት ጸብ አለ። ቄሱም፣ ወታደሩም፣ ባሪያ ነጋዴውም፣ ሌባውም እዛ ለመገኘት የየራሱ ምክንያት አለው፣ ማንም ጸሀፊ ገጸ ባህሪውን ይዞ ሲመጣ የሚያስገባበት በር አያጣም። ህግ የሌለው ከተማ ማለት ዝም ብሎ ሁሉም የሚገዳደልበት ቦታ አይደለም፣ ህግ አውጪው ሩቅ ሆኖ ህጉን የሚያስከብረው ደሞ አቅም ያጣበት ቦታ ነው። እሱን ካወቃችሁ ሰዎቻችሁ በምን እንደሚኖሩ ታውቃላችሁ፣ ካላወቃችሁ ግን ደም ብቻ ነው የምትጽፉት።

ወደ ህጉ ልመለስ። እነሱ ጋ የሌላውን ጸሀፊ ገጸ ባህሪ ወስዶ ታሪክ ውስጥ ማስገባት ይቻል ነበር፣ ከፈጠረው ጸሀፊ ፈቃድ ውጪ መግደል ወይም ጸባዩን መቀየር ግን ክልክል። ቀላል ትመስላለች ግን ሁሉን ነገር የያዘችው እሷ ናት። የሌላ ሰው ልጅ ቤታችሁ ሲመጣ እንደምታደርጉት ነው፣ አብልታችሁ አጫውታችሁ ሳይጎዳ ትመልሱታላችሁ። ከጸሀፊዎቹ አንዷ ዲያና ፓክስሰን ያረገችውን እዩ። ጆን ብረነር የፈጠረው ኤናስ ዮርል የሚባል ጠንቋይ አለ፣ እርግማን ስላለበት መልኩ ሳያስበው ይቀያየራል። እሷ ጠንቋዩን አልነካችውም፣ የራሷን ሰአሊ ላሎን ወደሱ ላከችና ጠንቋዩ ለላሎ የሰውን እውነተኛ ነፍስ የመሳል ስጦታ ሰጠው። አሁን አስቡት፣ ምስሌን ሳልልኝ ብሎ የሚከፍል ሀብታም እውነተኛ ነፍሱ ሸራ ላይ ወጥታ ሲያያት ምን ይላል? ስጦታው ለሰአሊው መከራ ሆነ። እኔ ጨለማ ታሪክ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፣ አንዲት ጠብታ ደም ሳትፈስ ያስፈራል፣ ደግሞም ከሌላው የተወሰደው ጠንቋይ ከበፊቱ የበለጠ ገነነ እንጂ አላነሰም።

ህጉ እያለም ግጭት አይቀርም። አስፕሪን ራሱ የፈጠረው ጁባል የሚባል ሰው አለ፣ ባሪያ የነበረ፣ ግላዲያተር የነበረ፣ በኋላ የከተማው የወንጀል አለቃ የሆነ፣ ሰዎቹ የጭልፊት ጭምብል ያደርጋሉ። ሌላዋ ጸሀፊ ጃኔት ሞሪስ ቴምፐስ የሚባል የማይሞት ተዋጊ ይዛ መጣችና የቴምፐስ ሰዎች የጁባልን ግቢ ወረሩት፣ ጁባልም ጉልበቱ ላይ ተመትቶ ሽባ ሊሆን ደረሰ። አስፕሪን ኤዲተር ነው እኮ፣ ቢፈልግ ይሰርዘው ነበር። አልሰረዘም፣ ቁስሉን ተቀብሎ ከሱ ጻፈ፣ በ1982ቱ መድብል ጁባል በጥንቆላ ይድናል ግን ዋጋው እድሜው ነው፣ ያረጀ ሰው ሆኖ ተደብቆ ስራውን እንደገና ይጀምራል። ጓደኛችሁ የጻፈው ክፍል ገጸ ባህሪያችሁን ሲያቆስልባችሁ ግሩፑን ሌፍት ብላችሁ አትውጡ፣ ቀጣዩን ክፍል እኔ ልጻፍ በሉ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ የምወዳቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት መድብሎች ነው። እዛ ያሉት ሰዎች ትንንሽ ናቸው፣ ሀንስ የሚባለው ጉረኛ ሌባ፣ ገበያ ውስጥ ካርድ የምታነበው ኢሊራና አንጥረኛው ባሏ ዱብሮ፣ ዘፋኙ ካፐን ቫራ፣ ስለ እነሱ ስታነቡ ማታ ምን ይበሉ ይሆን ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። በኋላ የማይሞቱ ተዋጊዎች፣ አማልክት፣ ታላላቅ ጠንቋዮች፣ ከባህር የመጡ ወራሪዎች እየተደራረቡ ሄዱ፣ አንዱ ጸሀፊ ኃይለኛ ሲያመጣ ሌላው እሱን የሚበልጥ ያመጣል፣ ሌባው ሀንስ እዛ መሀል ምን ይሰራል? በጋራ ስትጽፉ ይሄ ፈተና መምጣቱ አይቀርም፣ ማንም ሰው የኔ ገጸ ባህሪ ይሸነፍ አይልማ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የኃይል ጣሪያ አስቀምጡ፣ ከዚህ በላይ የሚችል ሰው ከተማችን ውስጥ የለም በሉ፣ ጠንቋይ ካለም ያስከፍለው።

ጥቃቅን መጣረስ ግን አያስጨንቃችሁ። አንዱ ጋ ረጅም የተባለ ሰው ሌላው ጋ አጭር ቢሆን፣ አንድ ጸብ በሁለት አይነት ቢወራ አትጣሉበት። አስፕሪን በመጀመሪያው መድብል ላይ ለአንባቢው ይሄንኑ ነግሮታል፣ ታሪኩን እያንዳንዱ በራሱ አይን ነው የሚያወራው፣ የከተማው ሰው ደግሞ አብዛኛው ሌባና አጭበርባሪ ነው፣ እንዴት አንድ አይነት ወሬ ትጠብቃለህ አለ። ጥሩ ኤዲተር ማለት እሱ ነው፣ አደጋ ሊሆን የሚችለውን የከተማዋ ጸባይ አረገው።

የመጨረሻው የስራ ነገር ነው፣ ወጣቶች ይሄን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ ግን ስሙኝ። ጃኔት ሞሪስ በ1985 ቴምፐስን ይዛ የራሷን ልቦለድ አወጣች፣ ሌባውን ሀንስን የፈጠረው አንድሪው ኦፉትም በ1987 ሀንስን ይዞ እንደዛው አረገ። ገጸ ባህሪው ሲወደድ ሰው ለብቻው መጽሀፍ ሊያወጣበት ይፈልጋል፣ ደግሞ መብቱ ነው። ዛሬ ተዋዳችሁ አንድ ግሩፕ ውስጥ ናችሁ፣ ነገ አንዱ ክፍል ተወዶ ፊልም ሰሪ ሲደውል ነው ጸቡ። ከተማው የሁላችን፣ ገጸ ባህሪው ደግሞ የዛ የፈጠረው ሰው ነው ብላችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩና ሁላችሁም ፈርሙ፣ ገንዘብ ከመጣ እንዴት እንደሚካፈል፣ ከመሀላችሁ አንዱ ትቶ ቢሄድ ገጸ ባህሪው ታሪኩ ውስጥ ይቀጥል ወይ ይቅር የሚለውንም እዛው ጻፉት፣ ክፍል አንድን ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት።