ከጡረታዬ ላይ 1,000 ፓውንድ ለምን ተነሳ?

ጥያቄ፦ ለንደን አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ቤተሰብ ልጠይቅ ለሦስት ወር ኮምቦልቻ ነኝ። ልጄ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የመጣልኝን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። የግብር ኮዴ ከ321ኤል ወደ 221ኤል ወርዷል፤ «ባለፈው ዓመት ያልተከፈለ ግብር» ተብሎም 1,000 ፓውንድ ተቀንሷል። የመንግሥት ጡረታዬ በሳምንት 180፣ የድርጅቱ ደግሞ በወር 500 ፓውንድ ነው። ምን አጥፍቼ ነው ይህን ያህል የምቀጣው?

መልስ፦ አይደንግጡ፤ ቅጣት አይደለም፣ የሚፈለግብዎም 200 ፓውንድ ብቻ ነው። 1,000 የተነሳው ከኪስዎ ሳይሆን ግብር ከማይነካው የገቢዎ ክፍል ነው። በ1,000 ላይ 20 በመቶ ሲታሰብ 200 ይሆናል። ደብዳቤው ዕዳውን በአምስት እጥፍ የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ ብዙ ጡረተኛ ያስደነገጠ ቁጥር ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። በዓመት ግብር የማይከፈልበት 12,570 ፓውንድ ነው። የመንግሥት ጡረታ ሳይቆረጥ ሙሉውን እጅዎ ይገባል እንጂ ግብር አለበት፤ 180 በ52 ሲባዛ 9,360። ይህ ከ12,570 ሲቀነስ 3,210 ይተርፋል፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ስትወድቅ 321 ትሆናለች፤ ኮዱ የሚለው ይህን ነው፣ ከድርጅቱ ጡረታ ግብር የማይነካው ስንት እንደሆነ። የድርጅቱ ጡረታ በዓመት 6,000 ስለሆነ፣ 3,210 ሲነሳለት ግብሩ የሚታሰበው በ2,790 ላይ ነበር፦ በዓመት 558፣ በወር 46 ፓውንድ ከ50። በ221 ሲሰላ በዓመት 758፣ በወር 63 ገደማ ይደርሳል።

ዕዳው ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ጡረታ በዓመቱ መሀል ሲጀምር፣ የድርጅቱ ከፋይ ኮዱ እስኪቀየርለት በድሮው ይቆርጣል። በእርስዎ ክፍያ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ቢዘገይ 200 ፓውንድ ይሞላል።

ልጅዎ የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽም ትላክልዎ። በመንግሥት ጡረታው መስመር 9,360 ካልሆነ እዚያ ላይ ነው ስሕተቱ። 10,000 ተብሎ ቢሆን በዓመት 128 ፓውንድ ያለአግባብ ይቆረጥብዎታል። የለቀቁት ሥራ አሁንም ተጽፎ እንደሆነም ይዩ። ለማረም ከኮምቦልቻ በ+44 135 535 9022 ይደወላል፤ የብሔራዊ ኢንሹራንስ (National Insurance) ቁጥርዎን አጠገብዎ ያድርጉ። ቆረጣው ኑሮዎን የሚያከብድ ከሆነ ዕዳው ከአንድ ዓመት በላይ እንዲከፋፈል ይጠይቁ።

የእንግሊዝ የግብር ዓመት በኤፕሪል 6፣ በእኛ መጋቢት 28፣ ይጀምራል። ዕዳው ሲያልቅ ያ 1,000 ከደብዳቤው መጥፋት አለበት። ኮዱ ግን 321 ላይ ተመልሶ አይቆምም፤ የመንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ሲጨምር 12,570 ከ2021 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

ጥያቄ፦ እዚያው ለንደን ያለችው እህቴ ከግል የጡረታ ቁጠባዋ 8,000 ፓውንድ ብታወጣ ከ1,300 በላይ ቆረጡባት። ትክክል ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ሩቡ፣ ማለትም 2,000፣ ከግብር ነፃ ነው። በቀሪው 6,000 ላይ ግን ጊዜያዊው «ኤም1» ኮድ ስለዋለ፣ በየወሩ ያን ያህል የምታገኝ ያህል ታስቦ ከፊሉ 40 በመቶ ተቆርጦበታል። በትርፍ የተወሰደውን ለማስመለስ ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባትም፦ ከቁጠባው ከፊሉን ብቻ አውጥታ ከሆነ «ፒ55»፣ ጠቅላላ አውጥታ ሌላ ገቢ ካላት «ፒ53ዜድ» የሚባለውን ቅጽ ትሙላ። ቅጹን ካሳሳተች ይመለስባታል፤ መጀመሪያ ቁጠባው ውስጥ የቀረ ገንዘብ መኖሩን ታረጋግጥ።