የ200 ፋውንዴሽን ዝርዝር ለተሰጠሽ እህት

አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «እስራኤል ያለ አንድ የሴቶች ዓሙታ (ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር) በግማሽ ቀን ቀጥሮኛል። ሥራዬ ከውጭ ፋውንዴሽኖች ገንዘብ ማፈላለግና የመጣውን መከታተል ነው። ኃላፊዋ የ200 ፋውንዴሽን ስም ያለበት ኤክሴል ሰጠችኝ። ከየት ልጀምር? ደግሞ ከደሞዝ ይልቅ ካመጣሽው ላይ 10 በመቶ እንክፈልሽ ይላሉ፣ ልቀበል?»

ሰዎች ለጥያቄሽ የሰጡትን መልስ አየሁ፣ ሁሉም «አይዞሽ» ነው። አይዞሽ ጥሩ ነው፣ ፕሮፖዛል ግን አይሞላም። እኔ በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእኛ ዓሙታ ትንሽ ነው። ሴቶቹ አብዛኞቹ ከጎንደር በኩል የመጡ እናቶች ናቸው፣ ገንዘቡ ደግሞ በብዛት ከአሜሪካ የአይሁድ ፋውንዴሽኖች ነው የሚመጣው። ያየሁትን ልንገርሽ።

ዝርዝሩን ለጊዜው ዝጊው። መጀመሪያ ባለፉት ሦስት ዓመታት ገንዘብ የሰጧችሁን ፈልጊ። ውሉን፣ የመጨረሻውን ሪፖርት፣ የተጻጻፉትን ኢሜይል ሁሉ። እኔ ስገባ መሳቢያ ውስጥ አንድ ውል አገኘሁ፣ ሪፖርቱ ስምንት ወር አልፎታል። ፋውንዴሽኑ ተቆጥቶ አልጻፈም፣ ዝም ብሎ መልስ መስጠት አቁሟል። ሁለት ገጽ ሪፖርት ከይቅርታ ጋር ላክሁ፣ ገንዘብ የሚል ቃል ሳላነሳ። በሚቀጥለው ዓመት እነሱ ራሳቸው አመልክቱ አሉን። አዲስ በር ከማንኳኳት የተዘጋውን ማስከፈት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ከዚያ ወደ 200ው ተመለሽ። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ፎርም ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። ለማን ስንት ዶላር እንደሰጠ እዚያ በስም ተዘርዝሯል፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ፕሮፐብሊካ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ። ድረ ገጻቸው ላይ «የሴቶችን አቅም እንገነባለን» ይላሉ፣ ፎርሙን ስትከፍቺ ገንዘቡ ሁሉ ለአንድ ዩኒቨርሲቲና ለሁለት ሙዚየም ሄዷል። ፎርሙን እመኚ። እስራኤል ውስጥ ሰጥተው ያውቃሉ? እንደናንተ ትንሽ ለሆነ ድርጅት ሰጥተዋል? ብዙውን ጊዜ 10,000 ዶላር የሚሰጥን 100,000 መጠየቅ ራስን ማስገመት ነው። እንዲህ ስታጣሪ ከ200ው 20 ቢተርፍሽ ዕድለኛ ነሽ።

የአይሁድ ሴቶች ፋውንዴሽኖች ለየት ይላሉ። ኒው ዮርክም ቺካጎም አሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩት እኛ እቁብ በምንለው መንፈስ ነው ማለት ይቻላል (ዕጣው የሚወጣው ለሌላ ሰው ካልሆነ በቀር)። አባላቱ በየዓመቱ ያዋጣሉ፣ ፕሮፖዛሉን ራሳቸው ያነባሉ፣ ተከራክረው ድምጽ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንባቢሽ ባለሙያ ላይሆን ይችላል። ከሥራ መልስ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሠላሳኛውን ፕሮፖዛል የያዘች ሴት ናት። የመጀመሪያው አንቀጽሽ ላይ ማን፣ የት፣ ስንት ሴት፣ ምን እንደምትሠሩ ከሌለ አበቃ። ሌላው ስህተት ደግሞ ሐዳሳንና ሐዳሳ ፋውንዴሽንን መቀላቀል ነው። ሐዳሳ በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሄንሪየታ ዞልድ የመሠረተችው የሴቶች ድርጅት ነው፣ ሆስፒታሉን የምታውቂው። ፋውንዴሽኑ ግን በ1998 የተቋቋመ ነው፣ እስራኤልና አሜሪካ ላሉ ሴቶችና ልጃገረዶች የሚሰጠው እሱ ነው። «ለሆስፒታላችሁ ምስጋና» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አይቻለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ኒሁል ታኪን፣ ማለትም ዓሙታው በአግባቡ እንደሚተዳደር የሚያሳየው የመንግሥት ማረጋገጫ፣ በየዓመቱ መታደሱን አረጋግጪ፣ ያለሱ ከመንግሥት ድጋፍ አታስቢ፣ ፋውንዴሽኖቹም ይጠይቁሻል። በግብር ሕጉ አንቀጽ 46 የሚሰጠው ፈቃድ ካላችሁ እዚህ አገር ታክስ የሚከፍል ግለሰብ ለጋሽ ከሰጠው 35 በመቶውን ከግብሩ ያስቀንሳል። አሜሪካ ላሉት ግን 46 አይጠቅማቸውም። ለነሱ ብዙ ጊዜ እዚያ የተመዘገበ መተላለፊያ ድርጅት ያስፈልጋል። ፔፍ የሚባለው ከ1922 ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚሠራው፣ የአሜሪካ ለጋሾችን ገንዘብ ወደ እስራኤል ዓሙታዎች ያሳልፋል። ሂሳብ ሠራተኛችሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ ድጋፍ የራሱ ኮድ እንዲከፍት ንገሪው። የአንዲትን አስተባባሪ ሙሉ ደሞዝ በሁለት ፋውንዴሽን ሂሳብ ላይ ደግሞ መጻፍ በድካም የሚመጣ ስህተት ነው፣ ኦዲተር ሲያገኘው ግን ስሙ ድካም አይባልም።

በጀቱን በሸቀል ነው የምትሠሪው፣ ገንዘቡ የሚመጣው በዶላር ነው። በ2020 መጀመሪያ ዶላሩ ወደ 3.45 ሸቀል ነበር። በ2021 ኖቬምበር ወደ 3.1 ወረደ። በ40,000 ዶላር ላይ ሲሰላ 14,000 ሸቀል በአየር ላይ ተነነ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላጠፋም፣ የመምህሯ ክፍያ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ የበጀቱን ምንዛሪ ከዕለቱ ዋጋ ዝቅ አድርጌ ነው የምይዘው፣ የተጠቀምኩበትንም ቁጥር በጀቱ ግርጌ እጽፈዋለሁ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። አንድ ፋውንዴሽን ለ«ወጣት ሴቶችና ቴክኖሎጂ» 60,000 ዶላር ይሰጣል ተባለ። ካዝናችን ባዶ ነበር። የእኛ ሴቶች አብዛኞቹ ከ50 በላይ ናቸው፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ። እኔ ግን ጻፍኩ፣ አሳምሬ ጻፍኩ፣ አገኘን። ከዚያ 20 ወጣት ፍለጋ ተጀመረ። የሠራተኞቻችን የእህት ልጆች ሳይቀሩ ተመዘገቡ። በአራተኛው ወር 7 ቀሩ። የተረፈውን ገንዘብ መለስን። አሁን ፕሮፖዛል ከመክፈቴ በፊት የማክሰኞ ማታውን ክፍል ለምታስተባብረው ልጅ እደውላለሁ፣ «ለዚህ ሰው ይመጣልሻል?» እላታለሁ። ከሳቀች አልጽፍም።

ለጋሾች ለጉብኝት ሲመጡ ደግሞ አትፍሪ፣ ግን ብዙ አታውሪ። አንድ ጊዜ 12 እንግዶች በአውቶቡስ መጡ። ሴቶቻችን ከሌሊት ጀምሮ ድፎ ሲደፉ ነበር። አስጎብኚያቸው በሩ ላይ «አርባ ደቂቃ ነው ያለን» አለችኝ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው! እኔ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ላብራራ ስል አንዲት ጠና ያሉ እንግዳ ሄደው ከረከቦቱ አጠገብ ተቀመጡ። በአስተርጓሚ «ማታ ትምህርቱ ሲያልቅ በምን ትሄዳላችሁ?» አሉ። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ፣ ረከቦቱን እያስተካከለች፣ «በእግር ነዋ። የመጨረሻው አውቶቡስ ይቀድመናል። ግማሾቻችን ከእረፍት በኋላ የማንመለሰው ለምን መሰለዎት?» አለች። እኔ ለስድስት ወር ያህል ሪፖርት ላይ የሰው ቁጥር የቀነሰው «በቤተሰብ ጫና» ነው ብዬ ስጽፍ ነበር። አቦሉ እንኳ ለሁሉም አልደረሰም፣ እኔ ግን ትምህርቴን አገኘሁ። በማግስቱ ከአስተማሪዎች መደብ 9,000 ሸቀል ወደ መጓጓዣ እንድናዛውር ፋውንዴሽኑን ጠየቅሁ፣ በሦስት ቀን በጽሑፍ ፈቀዱ። ሳትጠይቂ ግን አንድ ሸቀል እንዳታዛውሪ፣ ሀሳቡ የመጣው ከራሳቸው እንግዳ ቢሆንም።

ታሪክና ፎቶ ላይ ነው ከሁሉ የምትፈተኚው። ሪፖርቱ «የአንዲት ሴት ታሪክ» ይጠይቅሻል፣ አንቺም ልብ የሚነካውን ትመርጫለሽ። እኔም መረጥኩ። ከሚደበድባት ባሏ የወጣች ሴት ነበረች፣ ስሟን ቀየርኩ፣ ዕድሜዋን፣ ከተማዋንና የልጆቿን ብዛት ግን ተውኩት። የእኛ ሰው እስራኤል ውስጥ ስንት ነው? ሦስት ፍንጭ በቂ ነው። ፋውንዴሽኑ ድረ ገጹ ላይ አወጣው፣ ሌላ ከተማ ያለች የባሏ ዘመድ አነበበችው። ሴትዮዋ ቢሮዬ መጣች። አልጮኸችም። «ገመናዬን ስንት ሸጥሽው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ መጠኑን ግን በደንብ አውቀው ነበር፣ 15,000 ዶላር። ጽሑፉን በዚያው ቀን አስነሳሁት። አሁን ምንም ከመላኬ በፊት በአማርኛ አነብላታለሁ፣ የማትፈልገውን ትሰርዛለች፣ የት እንደሚወጣም እነግራታለሁ። የእንግሊዝኛ ፈቃድ ወረቀት አስፈርሞ መሄድ ፈቃድ አይደለም። ታሪኩ ቀዘቀዘ ብሎ ገንዘብ የከለከለን ፋውንዴሽን እስካሁን የለም።

አንዱ ለጋሽ «ፌሚኒስት» የሚለው ቃል ይከብደዋል፣ ሌላው ቃሉ ከሌለ ይጠረጥርሻል። አንዱ ጥብቅ ሃይማኖተኛ ነው፣ አንዱ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሌላ ዓሙታ ሆነሽ አትቅረቢ፣ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ያወራሉም። በቲሽሪ ወር በሚውሉት የአይሁድ በዓላት ሰሞን ደግሞ መልስ አትጠብቂ፣ ሁሉም ነገር «አኻሬ ሃኻጊም»፣ ከበዓላቱ በኋላ ነው። ዓርብም ከኒው ዮርክ ጋር የምትነጋገሪበት ሰዓት የለም ማለት ይቻላል፣ እነሱ ቢሮ ሲገቡ አንቺ የሰንበት ሻማ ልታበሪ ነው። ምክር ወይም ሥልጠና ካስፈለገሽ ሻቲል የሚባለውን ድርጅት ጠይቂ፣ ለዓሙታዎች ይህን ሲሠራ ከ1982 ጀምሮ ነው።

10 በመቶውን አትቀበዪ። የአሜሪካ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በመቶኛ መከፈልን ይከለክላል፣ ፋውንዴሽኖቹም ለትምህርት የሰጡት ገንዘብ ላይ ኮሚሽን ሲቆረጥ ካዩ ጉድ ይፈላል። ደግሞ አስቢው፣ የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል ዛሬ ብትልኪ መልሱ ከስድስት ወር በኋላ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ የቤት ኪራይ በምን ትከፍያለሽ? ደሞዝ ጠይቂ። ኃላፊዋ «ከየት አምጥቼ?» ካለችሽ፣ የሚቀጥለው በጀት ላይ ያንቺ ደሞዝ እንደ አንድ መስመር እንዲገባ ከአሁኑ ተስማሙ።